ከሰዓት በኋላ በልጄ ቤት

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 7

በርበሬ ስጠብስ ዋልኩ። ሁለት ጆንያ ቀይ በርበሬ። ጠበስኩ፣ ላጥኩ፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ። ጣቶቼ እስካሁን ያቃጥሉኛል፤ ብዕር ስይዝ እንኳ። ወገቤ ደህና ነው። ዝናብ የለም።

አመሻሹ ላይ ስታቲስ ደወለ። ልጄ የሚደውለው በወር አንዴ ነው፤ ያውም እሁድ። ደነገጥኩ።

«እማ፣ ነይልኝ። ላምብሪኒ ዛሬ ጠዋት ከደረጃ ወደቀች። እጇ ተሰብሯል። ሕፃኗን የሚይዝልኝ ሰው የለም።»

«ሕፃኗስ?»

«ደህና ናት። እሷ ብቻ ናት የወደቀችው። መቼም ስትራመድ እግሯን አታይም…»

ሳቀ። ሚስቱ እጇን ተሰብራ ምኑ ያስቃል? … ደክሞት ይሆናል።

አርብ እሄዳለሁ። አራት ጠርሙስ በርበሬ እወስድላቸዋለሁ።

አርብ፣ ኦክቶበር 9

ልጄ የሚኖርበት ሰፈር ፓኖራማ ገባሁ። ስታቲስ ተሰሎንቄ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ወሰደኝ። ሻንጣዬን አላስነካኝም። መኪና ውስጥ እጄን ይዞ ነበር። ሰው ሁሉ ይወደዋል። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመን «ኢንጂነር! እናትህ ናቸው?» ብለው የማያውቁኝ ሰዎች ሳሙኝ። ኮራሁ። ለምን እዋሻለሁ።

ላምብሪኒ በር ላይ ጠበቀችኝ። ግራ እጇ እስከ ክርኗ ጄሶ ነው። ፈገግ አለች፣ በአንድ ጎን ብቻ። ዓይኗ ሥር ቢጫ አለ። ዱቄት ነገር ቀብታበታለች፤ ግን ይታያል።

ያንን ቢጫ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ቀይ ነው፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ አረንጓዴ። ቢጫ የሚሆነው በስምንተኛው፣ በዘጠነኛው ቀን ነው። ወደቀች ያለኝ ግን ረቡዕ ጠዋት ነው። ከትናንት ወዲያ።

የቤቱ ደረጃ እብነ በረድ ነው። ዐሥራ አራት ነው። ቆጠርኩት። ለምን ቆጠርኩ?

ሕፃኗ አምስት ወሯ ነው። ገና ክርስትና ስላልተነሣች ስም የላትም፤ ሁሉም ቤባ ነው የሚላት። ጣቴን ያዘች፣ አልለቅ አለች።

እሁድ፣ ኦክቶበር 11

ቤተ ክርስቲያን፣ ምሳ፣ እንቅልፍ። ምንም የለም። እዚህ ሰፈር ውሻ እንኳ የሚጮኸው ቀስ ብሎ ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 14

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰፈሩ በሙሉ የመስኮት መዝጊያውን ያወርዳል። የዕረፍት ሰዓት ነው። መጮኽ፣ መቆፈር፣ ሙዚቃ መክፈት ክልክል ነው።

ስታቲስ ዛሬ ለምሳ መጣ። ላምብሪኒ ሾርባ አቀረበችለት። አንዴ ቀመሰ። ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«እማ፣ ቤባን ይዘሽ ዞር ዞር በይ። አየሩ ጥሩ ነው።»

«ተኝታለች እኮ።»

«ጋሪው ውስጥ ትተኛለች።»

ላምብሪኒን አየኋት። እሷ የጨው ዕቃውን ነበር የምታየው።

ጋሪውን ገፋሁ። ከአጥሩ ሳልርቅ መዝጊያው ሲወርድ ሰማሁ። በኤሌክትሪክ ነው የሚወርደው። አንዱ… ሁለተኛው… አራቱም።

አንድ ሰዓት ሙሉ ጥዶቹ ሥር ዞርኩ። ለቤባ አወራሁላት። ስለ ወፍ፣ ስለሚያልፉት መኪኖች። አውቅ ነበር። ልጻፈው እንጂ። አውቅ ነበር፣ ግን ዞርኩ።

ስመለስ ስታቲስ ሄዷል። የጓዳው ቁም ሣጥን በር ከመሐሉ ተሰንጥቋል። ላምብሪኒ በአንድ እጇ ወለሉን ትወለውላለች። የባልዲው ውኃ ሮዝ ነበር።

«ቲማቲም ፈስሶ ነው እማማ» አለችኝ።

ሾርባው የዶሮ ነበር። ቲማቲም አልነበረበትም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 15

አኔስቲስ ከሞተ ዐሥራ አንድ ዓመቱ። ባሌ። ስለ እሱ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌ አላውቅም።

በቀበቶ ነበር። በብረቱ በኩል። ትንባሆ በምናደርቅበት መጋዘን ውስጥ ነበር የሚወስደኝ፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ። አንዴ ሁለት የጎን አጥንቴን ሰበረው። ከሳምንት በኋላ ተደግፌ ትንባሆ ስለቅም፣ ጎረቤቶች ምን ሆንሽ አላሉኝም። በቅሎ ረገጠችኝ ልል ተዘጋጅቼ ነበር። በቅሎ አልነበረንም።

ስታቲስ ያኔ ሰባት ዓመቱ። ከአልጋው ሥር ይገባ ነበር። ሲያልቅ ወጥቶ እርጥብ ጨርቅ ያመጣልኛል።

ምን ነበር የምለው? … «አባትህ ደክሞት ነው። ሥራው ተበላሽቶበት ነው። እኔም አፌ አያርፍም።»

በየጊዜው። አንድም ቃል ሳልቀይር። እንደ ጸሎት አስጠናሁት።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 19

ላምብሪኒ ዛሬ ተናገረች። ፀጉሯን እያጠብኩላት ነበር፤ በአንድ እጅ አይሆንላትም። ራስ ቅሏ ላይ፣ ከጆሮዋ በላይ፣ ፀጉር የሌለበት ቦታ አለ። በአንድ ሙሉ እጅ ልክ። ተነቅሎ ነው። ጣቴ እዚያ ላይ ቆመ።

«እሱ ነው» አለች። ዓይኗን ጨፍና።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። ስልኳን ማታ ማታ ይፈትሻል። ሥራዋን አስትቷታል፤ ፊዚዮቴራፒስት ነበረች። እጇን የሰበረው በበር ነው፤ በሩን ከፍቶ፣ እጇን አስገብቶ፣ ዘጋው። እሷ ስትነግረኝ ድምጿ ምንም ስሜት የለውም፤ የአየር ትንበያ የምታነብ ነው የሚመስለው። ወንድሟ ዚሲስ ያኒና ነው ያለው። ወደ እሱ ልትሄድ አስባ ነበር።

«አንቺ ሂጂ፣ ቤባ ትቀራለች አለኝ። ከዚህ ቤት የምትወጪው በሳጥን ነው አለኝ።»

ውኃው ቀዘቀዘ። ፎጣ ጠቀለልኩላት። ዞር ብላ አየችኝ።

«አባቱስ? እርስዎን ይመታዎት ነበር?»

«አይ» አልኳት።

አይ! እዚያው፣ እጄ በሳሙና እንደተነከረ። አርባ ዓመት የለመደ አፍ። ለማን ነው የምደብቀው? ለሞተ ሰው?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 21

የጎረቤታችን ወይዘሮ ኤፍቴርፒ አጥሯን ስትከረክም አገኘኋት። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ጓንት አድርጋ፣ ባርኔጣ አድርጋ።

«ከሰዓት በኋላ ይሰማሻል?» አልኳት።

«ምን?»

«ከእኛ ቤት።»

መቀሱን አላቆመችም። «እዚህ የሚሰማው ወፍ ብቻ ነው ፓርቴና። ለዚያ ብለን ነው ከከተማው የወጣነው።»

ቆምኩ። መሄድ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ መቀሱን አወረደች።

«ባለፈው ዓመት አንዴ አነጋግሬው ነበር። በማግስቱ ክሬም ኬክ ይዞልኝ መጣ። ትልቅ ካርቶን። እንዴት ትሑት ልጅ ነው… እኔ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፣ ይገባሻል?»

ይገባኛል። ስለገባኝ ነው የተናደድኩት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 24

ለስታቲስ ነገርኩት። ገበያ ወስዶኝ ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ። ልጄን ፈራሁት። አርግዤ፣ ወልጄ፣ አጥብቼ ያሳደግኩትን።

«እጅህን አታንሣባት ስታቲስ። በቃ።»

መኪናውን ዳር አቆመ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ምን አለችሽ?»

«ምንም አላለችኝም። ዓይን አለኝ።»

«እማ፣ ደክሞኛል። ሥራው እንዴት እንደሆነ አታውቂም። እሷም አፏ አያርፍም።»

ቃል በቃል! እሱ አላስተዋለም፤ መሪውን በጣቱ ይመታል።

«አባዬ ስንት ጊዜ መታሽ? ሞትሽ? አልሞትሽም። ቤታችን ፈረሰ? አልፈረሰም። ይኸው ቁጭ ብለሻል፣ ሥጋ ገዝቼልሽ።»

ከዚያ ሳመኝ። ግንባሬን። መኪናውን አስነሣ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 27

የምጽፈው ከሆስፒታል ኮሪደር ነው። የላይኛው ከንፈሬ ተሰፍቷል። የትናንቱን በቅደም ተከተል ልጻፈው። ነገ ሌላ ሰው እንዳያስተካክልብኝ።

ትናንት የቅዱስ ዲሜጥሮስ በዓል ነበር። የስታቲስ የሥራ ባልደረባ ከነሚስቱ ምሳ ተጋብዘው ነበር። በግ፣ ድንች፣ ወይን። ሁሉም ጥሩ ነበር። ስታቲስ የሳሎኑን የድንጋይ ግድግዳ በእጁ እንደሠራው ሲተርክ ላምብሪኒ «ሁለቴ ነው እኮ ያፈረስከው» አለች። ሰውየው ሳቀ። ሚስቱ ሳቀች። ስታቲስ ከሁሉም በላይ ሳቀ። እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ።

እንግዶቹ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሄዱ። እጁን እያወዛወዘ ሸኛቸው። በሩን ዘጋ። የመዝጊያውን ቁልፍ ተጫነ። ቤቱ ጨለመ።

«እማ፣ ቤባን ይዘሽ ውጪ።»

«አልወጣም።»

«ውጪ አልኩሽ።»

«አልወጣም ስታቲስ።»

አየኝ። ትከሻውን ሰበቀ። «እንግዲያው እይ» አለ።

ላምብሪኒን በፀጉሯ ይዞ ፊቷን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መታው። አንዴ። ሳህኖቹ ዘለሉ። ሁለተኛ። አፍንጫዋ ሲሰበር ሰማሁት፤ ድምፁ ደረቅ ነው። ልትሸሽ ደረጃው ላይ ወጣች። በእግሯ ጎትቶ አወረዳት፤ አገጯ እያንዳንዱን ደረጃ እየመታ። ጄሶውን ረገጠው፤ ተሰነጠቀ። ጮኸች። ያኔ ነው ጉሮሮዋን የያዘው። ላይዋ ላይ ተቀመጠ፣ ደህናውን እጇን በጉልበቱ ተጫነው። «ሳቂ» ይላታል። «አሁን ሳቂ እስቲ። ሳቂ።» እየጮኸ አልነበረም። የዕረፍት ሰዓት ነዋ።

ሸሚዙን ጎተትኩ። ወደ ኋላ በክርኑ መታኝ። ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። ተፋሁት። ቤባ ላይ ቤት ትጮኻለች። የላምብሪኒ ፊት ወይን ጠጅ ሆነ። ተረከዟ ወለሉን ይመታ ነበር… ከዚያ መምታቱን አቆመ።

ወጥ ቤት ገባሁ። የናሱን ሙቀጫ ዘነዘና አነሣሁ። ከባድ ነው። አንዴ ትከሻውን መታሁት። አልለቀቀም። ሁለተኛ ከጆሮው ኋላ መታሁት። ወደ ጎን ወደቀ።

ሦስተኛም መታሁት። ወድቆ ሳለ። ጀርባውን። ይህን ለፖሊስም ተናግሬዋለሁ፣ እዚህም ልጻፈው። ሦስተኛው አያስፈልግም ነበር። ሦስተኛውን የመታሁት ልጄን አልነበረም፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ነው። ደስ አለኝ። አራተኛውን ልደግም ዘነዘናውን ወደ ላይ አንሥቼ ነበር።

ላምብሪኒ ሳለች። እንደ ውሻ ሳል፣ ደረቅ፣ አስቀያሚ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚጣፍጥ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ዘነዘናው ከእጄ ወደቀ።

ፖሊስ ጋ፣ 100 ደወልኩ።

«ልጄ ሚስቱን ሊገድል ነበር። አምቡላንስ ላኩ። ሁለት።»

«ሁለተኛው ለማን ነው እመቤት?»

«ለእሱ።»

«እሱን ማን መታው?»

«እኔ።»

መዝጊያዎቹን በሙሉ ከፈትኳቸው። ሰፈሩ ይየን አልኩ። ወይዘሮ ኤፍቴርፒ በረንዳዋ ላይ ቆማ ነበር። ፖሊሱ ሲጠይቃት «እኔ ምንም…» ብላ ጀመረች። ላምብሪኒን በቃሬዛ ሲያወጧት አንገቷን አየች። መንገዱ ጠርዝ ላይ፣ በቤት ልብሷ፣ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። «ሁሌ እሰማ ነበር» አለች። «ሁሌ። ሬዲዮ እከፍት ነበር።»

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 28

ዓቃቤ ሕጓ ወጣት ሴት ናት። ውኃ አቀረበችልኝ።

«እናቱ ስለሆኑ የመመስከር ግዴታ የለብዎትም። ሕጉ ይፈቅድልዎታል።»

«አውቃለሁ።»

«ከፈለጉ አሁኑኑ ተነሥተው መሄድ ይችላሉ።»

በሩን አየሁት። በደንብ አየሁት። ከዚያ ከበሩ፣ ከላምብሪኒ እጅና ከበሩ ጀመርኩ፤ እጇ እንዴት እንደተሰበረ። ስለ ጋሪው ተናገርኩ። ስለ አኔስቲስም። እሱን እንኳ አልጠየቀችኝም።

ስወጣ ስታቲስን በኮሪደሩ ሲያመጡት ተገጣጠምን። ራሱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ እጁ በካቴና። ፊቱ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ነበር።

«እማ? ምን አልሻቸው? እማ!»

አልፌው ሄድኩ። ጥግ ዞሬ ግድግዳ ተደግፌ አስመለስኩ።

አርብ፣ ኦክቶበር 30

ላምብሪኒ መናገር አትችልም። ጉሮሮዋ አብጧል። በወረቀት ጻፈችልኝ። «ዋሽተውኝ ነበር። ያኔ ፀጉሬን ሲያጥቡልኝ።»

«አዎ» አልኳት።

ወረቀቱን አገላበጠች። «ቤባ በላች?»

«በላች።»

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 3

የግድያ ሙከራ ነው የተባለው። እስከ ችሎቱ ድረስ ታስሮ ይቆያል።

ዚሲስ እህቱን ሊወስድ ከያኒና መጣ። ቁመቱ የበር ያህል ነው። እጄን ዘረጋሁለት። አልጨበጠኝም።

«የዚያ እንስሳ እናት ናት። ቤቴ አትገባም» አለ፤ እኔ እዚያው ቆሜ።

ላምብሪኒ ድምጿ ገና ሹክሹክታ ነው። «እሳቸው ባይኖሩ ሬሳዬን ነበር የምትወስደው» አለችው።

«እሷ ባትኖር እሱም አይኖርም።»

ልክ ነው። ምን እላለሁ? የቤባን ልብሶች አጣጥፌ ሰጠሁት። መኪናው ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ቆምኩ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 12

መንደሬ ገብቻለሁ። ዳቦ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። አጥሬ ላይ አንድ ሰው እንቁላል ወረወረ።

የአኔስቲስ እህት ኪርያኪ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አንድ ልጅሽን በገዛ እጅሽ አሰርሽው! ራሱን ፈነከትሽው! እናት ነሽ አንቺ? ወንድሜ በሕይወት ቢኖር…»

«ቢኖር ይገድለኝ ነበር ኪርያኪ። ታውቂያለሽ።»

ቴሌቪዥኗ ይሰማኝ ነበር። ዘጋችው መሰለኝ ብዬ ላስቀምጥ ስል…

«አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ነው የዘጋችው።

እሁድ፣ ኖቬምበር 22

ላምብሪኒ ፎቶ ላከች። ቤባ ያለ ድጋፍ ተቀምጣለች። አንድም ቃል አልጻፈችበትም። መቶ ጊዜ አየሁት።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 12

ወህኒ ቤት ሄድኩ። ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱን ጊዜ አላገኛትም ብሎ መልሶኛል። ዛሬ መጣ።

ከስቷል። ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ከጆሮው ኋላ ጠባሳው ይታያል። የእኔ ሥራ። መሐላችን መስታወት። ስልኩን አነሣ።

«እንዴት ነሽ እማ?» አለ። ለስላሳ ነው ድምፁ። ደህና ነኝ አልኩ። ሹራብ አምጥቼልሃለሁ አልኩ። አመሰግናለሁ አለ። አለቀስኩ፤ ልጄ ነው፣ ናፍቆኛል፣ ለማን እደብቃለሁ።

ከዚያ ወደ መስታወቱ ተጠጋ።

«ችሎቱ ማርች ላይ ነው። ጠበቃው አንቺ ላይ ነው ሁሉ ነገር ይላል። ደንግጬ ነበር በይ። ጨለማ ነበር፣ በደንብ አላየሁም በይ። በቃ፣ ይኼው ነው። ቤት እገባለሁ።»

«አይቻለሁ ስታቲስ።»

«እማ…»

«ሊገድላት ነበር እላለሁ። እኔም ሦስቴ መትቼዋለሁ እላለሁ።»

ፊቱ ተለወጠ። የአኔስቲስ ፊት ብቅ አለ፣ አገጩ ላይ፣ ዓይኑ ላይ። መስታወቱን በመዳፉ መታው። ጠባቂው ዞር አለ። አልሸሸሁም። ራሴን አየሁት፤ ወንበሬ ወደ ኋላ አልተንቀሳቀሰም።

«ያኔ የት ነበርሽ?» አለ በጥርሱ። «አባዬ ሲቀጠቅጥሽ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰባት! ምን አልሽኝ? አባትህ ደክሞት ነው አልሽኝ። ደህና ሴት ብትሆኚ ያኔ ለፖሊስ አትደውዪም ነበር? አንቺ ነሽ እንደዚህ ያደረግሽኝ። አንቺ!»

ቃሉ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«የእኔ ድርሻ አለበት። እሱን ሳልክድ እሸከማለሁ። ያንተን ግን አልሸከምልህም። አንተ ሠላሳ ስምንት ዓመትህ ነው።»

ስልኩን ወርውሮ ተነሣ። ሳያየኝ ወጣ። በእኔ በኩል ያለችው ጠባቂ ትከሻዬን ነካ አደረገች። «ሰዓቱ አላለቀም፣ ምናልባት ይመለስ ይሆናል» አለችኝ። ጥሩ ልጅ።

ዐሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። አልመጣም።

ሹራቡን መቀበያው ላይ ሰጥቼ የሚቀጥለውን ወር ቀን አስያዝኩ። ቢመጣም ባይመጣም እሄዳለሁ። ማርች ላይም እሄዳለሁ።